ያውቁ ኖሯል? አምፖልዎ ሬዲዮዎን እንደሚያውክ

መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ይበልጥ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ልብ ብለውታል? ሰፈሩ ሲጨልም፣ ከተናጋሪው ድምፅ ሥር ሲያጉረመርም የቆየው ዝዝታ ድንገት ይቆማል። ቅድም አልያዝ ብሎ ያስቸገረው የሩቅ ጣቢያ ብቅ ይላል። «መጣ!» ተብሎ ሰፈሩ ሲንጫጫ ጩኸቱም አብሮ ይመለሳል። ጣቢያው ኃይሉን አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። የተለወጠው በእርስዎና በጎረቤቶችዎ ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ነው። ያንን ሽቦ የጩኸት ማሰራጫ ከሚያደርጉት የቤት ዕቃዎች መካከል ኤል ኢ ዲ አምፖል ከፊተኞቹ ተርታ ይሰለፋል፤ ምክንያቱም የሌለበት ክፍል የለም።

ጥፋቱ የብርሃኑ እንዳልሆነስ ያውቁ ኖሯል? ብርሃኑን የምትሰጠው ትንሽ ቅንጣት የምትፈልገው 3 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። እሷ በሬዲዮ ላይ ምንም አታደርግም። ከግድግዳው የሚመጣው ግን 220 ቮልት፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው። ሁለቱን የሚያስማማ ድራይቨር የሚባል ሰርኪዩት አምፖሉ አንገት ውስጥ ተቀምጧል። ድራይቨሩ ሥራውን የሚሠራው ኤሌክትሪኩን በመቆራረጥ ነው፤ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል። ይህን ያህል በፍጥነት የሚቆረጥ ኤሌክትሪክ የሬዲዮ ሞገድ ይፈጥራል። አንድ የሬዲዮ ማሰራጫ ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው አንቴና ብቻ ነው፤ አንቴና የሚሆን ሽቦ ደግሞ በየግድግዳው ተዘርግቷል።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ድራይቨሩ በሴኮንድ 97 ሺህ ጊዜ፣ ማለትም በ97 ኪሎ ኸርዝ የሚቆራርጥ ነው እንበል። ረብሻው 97 ላይ አይቆምም። በ194፣ በ291፣ በ388 እያለ በብዜት ወደ ላይ ይወጣል። ዘጠነኛው ብዜት 873 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ለዓመታት የተሰማበት ቁጥር። ቆረጣው ስለታም በሆነ መጠን ብዜቶቹ ርቀው ይሄዳሉ፤ መካከለኛ ሞገድን አልፈው አጭር ሞገድን፣ ባስ ሲልም ኤፍ ኤምን ይደርሱበታል። ድራይቨሩ ደግሞ በአንድ ፍጥነት አይረጋም። ሙቀቱና የመስመሩ ቮልቴጅ ሲለዋወጡ እሱም ይዋልላል፤ ስለዚህ ረብሻው አንድ ነጥብ ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል።

የድሮው አምፖል ክሩን ከማጋል ሌላ ሥራ ስላልነበረው ሬዲዮን አይረብሽም ነበር። ግን 60 ዋት ይበላበት የነበረውን ብርሃን ኤል ኢ ዲ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። ይህ ለቤተሰብም ለአገርም ትልቅ ጥቅም ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስ የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። በመሃል የመጣው ጠመዝማዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖልም ቢሆን አንገቱ ውስጥ ቆራራጭ ሰርኪዩት ነበረው።

ረብሻውን አምፖሉ ውስጥ እንዳለ ማስቀረት እንደሚቻልስ? ሁለት ርካሽ ዕቃዎች ይበቃሉ፦ ኤሌክትሪኩ በሚገባበት ቦታ የሚቀመጥ ቾክ የሚባል የመዳብ ጥቅልል እና ረብሻውን ወደ መጣበት የሚመልስ ካፓሲተር። ጥራት ያለው አምፖል ሲፈታ ሁለቱም ይታያሉ። የአንዳንዱን ርካሽ አምፖል አንገት ሲከፍቱ የሚያገኙት ግን ባዶ ቦታቸውን ነው። ሰርኪዩቱ ላይ ቀዳዳው ተበስቷል፣ ምልክቱ ተጽፏል፣ ዕቃው ግን አልተበየደም። ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ረብሻው እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፣ ቦታም አዘጋጅቶ ነበር። ከእያንዳንዱ አምፖል ጥቂት ሳንቲም ለመቆጠብ ሲባል ዕዳው ሬዲዮ ለሚያዳምጠው ሰው ተላለፈ፤ ያ ሰው ደግሞ ዜናውን ለምን መስማት እንዳቃተው እንኳ አያውቅም።

ኤል ኢ ዲ የተገኘው ሬዲዮን ለማሻሻል ሲደክሙ በነበሩ ሰዎች እጅ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1907 የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ የማርኮኒ ባልደረባ የነበረው እንግሊዛዊው ሄንሪ ጆሴፍ ራውንድ የሬዲዮ ሞገድ ለመቀበል የሚያገለግል ካርቦረንደም የተባለ ክሪስታል ይመረምር ነበር። 10 ቮልት ሲሰጠው ክሪስታሉ ቢጫ ብርሃን አወጣ። ራውንድ ያየውን በአጭር ማስታወሻ አሳትሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገሩን በቁም ነገር የያዘው በ1920ዎቹ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ የሬዲዮ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው ኦሌግ ሎሴቭ ነው። ሎሴቭ የሚበራው ቦታ ላይ የቤንዚን ጠብታ አድርጎ እንዴት እንደሚተን ተመለከተ፤ ከሌላው ቦታ ፈጥኖ አልተነነም። ስለዚህ ብርሃኑ ከግለት የመጣ አይደለም፣ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው ሲል ደመደመ። የዛሬው አምፖል የማይፈጀንም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚሞቀው አንገቱና ጀርባው እንጂ እንደ ድሮው ክር በግለት አይበራም። ሎሴቭ እ.ኤ.አ. በ1942 ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ወቅት በ38 ዓመቱ በረሃብ ሞተ። አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ ለዓይን የሚታየውን ቀይ ኤል ኢ ዲ የሠራው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1962 ነው። ነጭ ብርሃን እንዲገኝ ያስቻለውን ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ የፈለሰፉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ደግሞ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ማሰራጫዎችም ረብሻ እንደነበሩስ? ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 የድረሱልኝ ጥሪዋን ያሰማችው በኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚሠራ ማሰራጫ ነው። ብልጭታው በአንድ ጊዜ ሰፊ የሞገድ ክልል ስለሚይዝ አንዱ መርከብ ሲናገር ሌላው መስማት ይቸገር ነበር። ዓለም ከጊዜ በኋላ እነዚህን ማሰራጫዎች ያገደው ለዚህ ነው። ርካሽ ድራይቨር የሚያወጣው ረብሻ ከዚያው ዘር ነው።

ሬዲዮን ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች ረብሻ የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ አለ። ሲስፕር ይባላል። አንድ አምፖል ወደ መስመርም ወደ አየርም ሊለቅ የሚችለውን ረብሻ የሚወስነው 15ኛው ደረጃው ነው። አውሮፓ ውስጥ በአምፖል ላይ የሚታተመው የሲ ኢ ምልክት ሌሎችን ግዴታዎች ጨምሮ ይህንንም አሟልቻለሁ የሚል የአምራቹ ቃል ነው። የአምራቹ ቃል መሆኑን ያስምሩበት። ለአምፖል ምልክቱን የሚለጥፈው ፋብሪካው ራሱ ነው፤ አስቀድሞ መርምሮ ያጸደቀለት መንግሥታዊ አካል መኖሩን አያመለክትም።

ደንቡ የሚለካው አንዱን አምፖል ለብቻው መሆኑስ? ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በጂፕሰም ኮርኒስ የተሠራ ሳሎን ሲገቡ ቀና ብለው ይቁጠሩ። ዙሪያውን የተቀበረው ስትሪፕ አለ፣ በየማዕዘኑ ስፖት ላይት አለ፣ መሃል ላይ ጌጠኛው መብራት አለ። እያንዳንዱ ደንቡን ቢያሟላ እንኳ የ20 ስፖት ላይት ረብሻ አንድ ሽቦ ላይ ይደመራል። ከሁሉም የከፋው በ12 ቮልት የሚሠራው የስፖት ላይት ዓይነት ነው። ትራንስፎርመሩ አንድ ጥግ ተቀምጦ ወደ እያንዳንዱ አምፖል ረጅም ሽቦ ይዘረጋለታል፤ ያ ሽቦ በኮርኒሱ ላይ የተጋደመ አንቴና ይሆናል። ቤት ሊያሠሩ ያሰቡ ካሉ ይህን አሁን፣ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ይነጋገሩበት። ከተዘጋ በኋላ መፍትሔው ውድ ነው።

ብርሃን መቀነሻ ማብሪያ ማጥፊያም ራሱን የቻለ ረብሻ አለው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በሴኮንድ 100 ጊዜ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፤ በመካከለኛ ሞገድ የሚሰማው ወፍራም ጉርምርምታ የእሱ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን 120 ጊዜ ስለሚቆረጥባቸው ትንሽ ቀጠን ብሎ ይሰማቸዋል።

ኤፍ ኤም የተፈለሰፈው ከረብሻ ለማምለጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1933 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ዓላማው አንድ ነበር፤ መብረቅና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያመጡትን ጩኸት ከሬዲዮ ማውጣት። በመካከለኛ ሞገድ ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ቁመት ላይ ነው፤ ረብሻም የሚነካው ቁመቱን ስለሆነ ተቀላቅለው ይመጣሉ። አርምስትሮንግ ድምፁን ሞገዱ በሚፈጥንበትና በሚዘገይበት መጠን ላይ ጫነው፤ መቀበያውም ቁመቱን እኩል እየከረከመ ጩኸቱን እንዲጥለው አደረገ። ሸገር 102.1ን ወይም ፋና 98.1ን ከተማ መሃል ሆነው ሲያዳምጡ አምፖሉ የማይታወቅዎት በዚህ ምክንያት ነው። ከተማውን ለቀው ራቅ ሲሉ ግን ክርከማው አይረዳም፤ የጣቢያው ጉልበት ከረብሻው ሲያንስ ኤፍ ኤምም ይሸነፋል።

እንግዲህ ጉዳቱ የሚከብደው በማን ላይ እንደሆነ ግልጽ ነው። የኤፍ ኤም ማማ የማይደርስበት፣ በአጭር ሞገድ የሚያዳምጥ ሰው ነው የሚጎዳው። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ መሰማት የጀመረው በየካቲት 1955 ዓ.ም. ነው፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ እስኪወረስ ድረስ ከአገር አልፎ በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ይደመጥ ነበር። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል በመጋቢት 1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ጀመሩ። ሦስት ትውልድ ማታ ማታ አንቴናውን ወደ መስኮት እየጎተተ ዓለምን የሰማው በዚህ ሞገድ ነው። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የደከመ ሞገድ ክፍሉ ውስጥ ካለ አምፖል ጋር ሲወዳደር በገበያ መሃል የሚነገር ሹክሹክታ ነው። ጣቢያው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዋት ቢያሰራጭም ርቀቱ ይበላዋል፤ አምፖሉ ግን እዚሁ፣ ከራስዎ በላይ ነው።

የአጭር ሞገድ አድማጭ ሌላም ጩኸት ያውቃል፤ ሆን ተብሎ የሚለቀቀውን። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መንግሥታቸው የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን የሚያስችል አቅም እየገነባ መሆኑን በይፋ ተናግረው ነበር። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ሬዲዮው ሲያጓራበት «ዛሬም አፈኑት» ቢል አይፈረድበትም። ልዩነቱን ማወቅ ግን ቀላል ነው። አፈና በአንድ ጣቢያ ቁጥር ላይ ያርፋል፣ ፕሮግራሙ ሲጀምር ይጀምራል፣ ጣቢያው ቁጥር ሲቀይር ይከተለዋል። የአምፖል ረብሻ በበርካታ ቁጥሮች ላይ ተዘርግቶ ጣቢያ ባለበትም በሌለበትም ይሰማል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ሲነኩ ይጠፋል። ከመማረርዎ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ይንኩ።

ነገሩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ለመርከበኞች ማስጠንቀቂያ አወጣ። በመርከቦች ላይ የተተከሉ ኤል ኢ ዲ መብራቶች መርከበኞች የሚነጋገሩበትን ሬዲዮና የመርከቦችን አቀማመጥ የሚያሳየውን መሣሪያ እየረበሹ መሆናቸውን የሚገልጹ ሪፖርቶች ደርሰውት ነበር። በአንድ አጋጣሚ የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል በመርከቦች መተላለፊያ ላይ ችግር የገጠማትን መርከብ በሬዲዮ ሊያገኛት አልቻለም። ማስጠንቀቂያው ላቦራቶሪ የማይጠይቅ መፈተኛም አብሮ ሰጠ። መብራቱን አጥፋ፤ ሬዲዮውን ጸጥ ያለ ቻናል ላይ አድርግ፤ የጸጥታ መቆጣጠሪያውን ጩኸቱ ልክ እስኪቆም ድረስ አስተካክል፤ ከዚያ መብራቱን አብራ። ጩኸቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። ይህን ፈተና የምወደው መርከበኛውን ባለሙያ እስኪመጣ ሳያስጠብቅ፣ ጆሮውን ብቻ ተጠቅሞ አደጋውን እንዲያውቅ ስለሚያደርገው ነው።

አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ይህን ይሞክሩት። የጋራዥዎ በር በሪሞት ከሩቅ አልከፈት ብሎ መኪናው አፍንጫው ስር ሲደርስ ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ፣ የሪሞቱን ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት በበሩ ሞተር ላይ ያለውን አምፖል ይፍቱት። ሪሞቶቹ በአብዛኛው በ300ዎቹ ሜጋ ኸርዝ ውስጥ ይሠራሉ፤ መቀበያው ያለው ከአምፖሉ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ለዚህ ቦታ ተብለው የሚሠሩ ረብሻ የለሽ ኤል ኢ ዲዎች እዚያ ገበያ ላይ አሉ።

የመኪና ፊት መብራት በኤል ኢ ዲ ከተቀየረ በኋላ ኤፍ ኤም መንሿሿት ከጀመረ መንስኤው ያው ድራይቨር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ከዚህ ይሰፋል። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ በብዙ መቶ ቮልት የሚቆራርጥ ግዙፍ ድራይቨር ስለሆነ፣ አንዳንድ አምራቾች ረብሻውን ከመከላከል ይልቅ መካከለኛ ሞገድን ከመኪናው ሬዲዮ ማውጣትን መርጠዋል። የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ይህን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 አቀረቡ፤ ክርክራቸውም በአደጋ ጊዜ መረጃ የሚደርሰው በዚህ ሞገድ ነው የሚል ነበር። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ለከለከለችው ኢትዮጵያ ጥያቄው የሩቅ አይደለም።

ከረብሻ ለማምለጥ ሕግ የወጣለት ቦታም አለ። ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና የጥቂት ሰዓታት መንገድ ላይ፣ በምዕራብ ቨርጂኒያና በቨርጂኒያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና አለ። ስፋቱ 34 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ ግሪን ባንክ የተባለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ቆሟል። በቴሌስኮፑ አቅራቢያ የሚሄዱት መኪኖች ናፍጣ ናቸው፤ የቤንዚን ሞተር ሻማ ብልጭታ ከሰማይ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ያበላሻልና።

ሰማይን በሬዲዮ የማጥናት ሳይንስ መነሻ ራሱ ረብሻ ፍለጋ ነበር። ካርል ጃንስኪ የተባለ ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ተቀጥሮ አትላንቲክን የሚሻገረውን የሬዲዮ ስልክ የሚረብሸው ምን እንደሆነ ያጠና ነበር። መብረቁን ለየ። የቀረው ግን ከመሬት የመጣ አልነበረም፤ በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ እየቀደመ ከከዋክብት ጋር ይዞር ነበር። የራሳችን ጋላክሲ፣ የፍኖተ ሐሊብ ድምፅ መሆኑን በ1933 አሳወቀ። የሬዲዮ ሥነ ፈለክ እንዲህ ተጀመረ።

ረብሻ የሚጎዳው ሬዲዮን ብቻ አይደለም። አበርሆሳን የምትባል የዌልስ መንደር ኢንተርኔቷ በየጠዋቱ በ1 ሰዓት ሲቋረጥ 18 ወር ቆየ። መሐንዲሶች ገመዱን ቢቀይሩም አልለቀቀም። በመጨረሻ መለኪያ ይዘው በመንደሩ ሲዞሩ ጥፋቱ በየጠዋቱ የሚከፈት አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ከዚያ በኋላ ላለመክፈት ወዲያው ተስማማ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

በላፕቶፕ ቻርጀር ገመድ ጫፍ ላይ ያለው እብጠት ምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ፌራይት የሚባል ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ቀለበት ነው፤ ገመዱ አንቴና እንዳይሆን ረብሻውን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ከማይሠራ ገመድ ላይ ነቅለው መልሰው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በረባሹ ዕቃ አጠገብ ገመዱን በቀለበቱ ውስጥ ደጋግመው ቢያዞሩት ጉልበቱ በዙሩ ብዛት ካሬ ያድጋል፤ 3 ዙር የ1 ዙርን 9 እጥፍ ያህል ያግዳል። መጀመሪያ ግን ከሶኬቱ ይንቀሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ረብሻን ከማንም በላይ የሚያውቁት በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ ያሉት የሬዲዮ አማተሮች ሳይሆኑ አይቀሩም። ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚለው መጠሪያ ተማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ጋር በአጭር ሞገድ ይነጋገራሉ። ለእነሱ አንድ መጥፎ አምፖል ማለት አንድ አህጉር መስማት አለመቻል ነው። አገሪቱ የሬዲዮ ሞገድ ሀብቷን የምታስተዳድርበት ሕግ አላት፤ ሥራው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ለማሰራጫ ፈቃድ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ሳይፈቀድላቸው የሚያሰራጩ አምፖሎችም በጉምሩክ በር ላይ ቢፈተሹ የምመኘው ነው። የሞገድ ሀብት እንደ ውኃ የጋራ ነው፤ አንዱ ቤት የሚለቀው ቆሻሻ ሌላው ቤት ይደርሳል።

ረባሹን በራስዎ ቤት ለማግኘት የሚያስፈልገው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ብቻ ነው። መካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ያቁሙትና ዝዝታውን ያዳምጡ። ከዚያ የቆጣሪውን ዋና ማጥፊያ ያጥፉ። ጸጥ ካለ ረባሹ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ ካላለ ከጎረቤት ወይም ከመንገድ ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ ዋናውን መልሰው ያብሩና መብራቶቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ይለዩ። የስልክ ቻርጀር፣ የዲኮደርና የዋይ ፋይ አዳፕተርም ውስጣቸው ያው ቆራራጭ ሰርኪዩት ስለሆነ አይዝለሏቸው። በስልክ የሚታዘዘው «ስማርት» አምፖል ጠፍቶም ድራይቨሩ ስለሚሠራ ከአምፖል መያዣው መፍታት ያስፈልጋል።

ሬዲዮውን እዚያው ቦታው ላይ ማዞር ብቻ ለውጥ እንደሚያመጣስ? የመካከለኛ ሞገድ አንቴና በሳጥኑ ውስጥ የተጋደመ የፌራይት ዘንግ ነው። ዘንጉ በጫፉ በኩል አይሰማም። ጫፉን ወደ ረባሹ ሲያዞሩት ዝዝታው ዝቅ ይላል፤ አቅጣጫውንም ይጠቁምዎታል። ማራቅም በጣም ይረዳል። በቅርብ ርቀት ላይ የአምፖሉ ረብሻ ከርቀቱ ጋር በፍጥነት ስለሚወድቅ፣ ሬዲዮውን ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ማራቅ ረብሻውን እስከ ስምንት እጥፍ ሊቀንሰው ይችላል። መደርደሪያውን ከግድግዳ ሽቦ አርቆ ወደ መስኮት ማስጠጋት ወጪ የለውም።

ረባሹ የጎረቤት ከሆነ ትንሿን ሬዲዮ ይዘው በቡና ሰዓት ይሂዱ። በቃል ከሚያስረዱ ያሰሙ፤ አምፖሉን አጥፍተው ሲያበሩ ባለቤቱ በራሱ ጆሮ ይሰማዋል። ምትክ አምፖሉን እርስዎ ገዝተው ቢሄዱ ደግሞ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል።

ሲገዙም ሬዲዮዋ ትርዳዎት። ሱቁ ውስጥ የበሩት ሌሎች መብራቶች ፈተናውን ስለሚያበላሹት ባለሱቁ አምፖሉን በር አካባቢ ለብቻው እንዲያበራልዎ ይጠይቁ። ሬዲዮውን ደከም ባለ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ላይ አድርገው ከአምፖሉ አንድ ክንድ ያርቁት። ሦስት አራት ዓይነት አምፖል በዚህ መንገድ ያወዳድሩ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ አንዱ ጣቢያውን ጨርሶ ሲውጠው ሌላው ሳይነካው ሲያልፍ ይሰማሉ። ያልነካውን ይግዙ፤ ለምን እንደመረጡትም ለባለሱቁ ይንገሩት።